የሚንቀሳቀስ ቤትና የከሰል እሳት

ቤት ስንል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው በመሠረት ላይ ወደ ቆመ፣ ግድግዳና ጣራ ወዳለው፣ ከቦታው ወደማይነቃነቅ ነገር ነው። በአዋሽ ሸለቆ ለሚኖረው አርብቶ አደር የአፋር ሕዝብ ግን ቤት ከሰውና ከከብት ጋር አብሮ የሚጓዝ ዕቃ ነው። ዳቦይታ የሚባለው ይህ ቤት ከጎበጡ እንጨቶችና ከዘንባባ ቅጠል ከተሠራ ሰሌን የሚቆም ሲሆን፣ ሰሌኑን የሚሠሩትም፣ ቤቱን የሚተክሉትና የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው። ግጦሹ ባለቀ ጊዜ ቤቱ ተፈትቶ በግመል ይጫናል፤ ካሰቡት ስፍራ ሲደርሱም እንደገና ይተከላል። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ሰዎች አልጋና ምድጃ በመኪና ላይ አበጅተው መዞራቸውን እንደ አዲስ ጥበብ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር፣ ጥንታዊውን ተጓዥ ቤት ባያዩት ነው እላለሁ።

የመኪናውንም ቤት ቢሆን ዐውቀዋለሁ። በእንግሊዝ አገር ለትምህርት በቆየሁበት ጊዜ፣ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ ባልና ሚስት ዘንድ ሦስት ሌሊት በእንግድነት አድሬአለሁ። ጊዜው የእነርሱ መጸው፣ የእኛ ኅዳር መግቢያ ነበር። ዝናቡ የካፊያ ያህል ሆኖ ሳያባራ ይውላል፤ ነፋሱም በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ተኝቶ የሚያድር ሰው በትንፋሹና በላቡ የሚያወጣው እርጥበት ቀላል አይደለም፤ የአምስት ሰው ሲደመር በአንድ ሌሊት ከአንድ ሊትር ውሃ የሚበልጥ ይሆናል። ይህም ውሃ ከቀዝቃዛው መስተዋት ላይ እየተንጠባጠበ ፍራሹን ከሥር ያረጥበው ነበር። በሦስተኛው ሌሊት አባወራው የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፎ አንዲት የጋዝ ማሞቂያ አቀጣጠለ። እኔም አመስግኜው ተኛሁ።

ሲነጋ ራሴን በጠባብ መቀነት የታሰርሁ ያህል አመመኝ። ትንሹ ልጅ አስታወከ፤ እናቱም ቆማ መሄድ አቃታት። ከመኪናው ወጥተን ጥቂት ስንቆይ ሁላችንም ተሻለን፤ ቁርስ ልንበላ ስንመለስ ግን ሕመሙም አብሮን ተመለሰ። ስለ ጤና ጥበቃ ልማር ባሕር የተሻገርሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ጥፋቱን በማታው ዓሣ ላይ መጣሌን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ነገሩን የደረሰበት አባወራው ነበረ፤ ማሞቂያውን አጥፍቶ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፈተ።

ይህን ሌሊት ያስታወሰኝ በአዋሽ ከተማ ያየሁት ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ወር አንሥቶ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ መንቀጥቀጧን አንባብያን ታስታውሳላችሁ። በታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው በመለኪያው 5.7፣ በየካቲት 7 ቀን የደረሰው ደግሞ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ፈረሱ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰውም ከመኖሪያው ተነሣ። ቤቱ ያልፈረሰበትም ቢሆን ግድግዳው ሌሊት እንዳይጫነው በመፍራት ከደጅ ያድር ነበር። አፋርን በሙቀቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዋሽ፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። በሜዳ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ለሕፃን ልጅ ብርቱ ብርድ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ከመጠለያዎቹ በአንዱ ስዞር፣ ከአንድ አሮጌ አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ የልጅ ልቅሶ ሰማሁ። ሾፌሩ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በጭነቱ ስፍራ ላይ ቤት ሠርቷል፤ ከላይ ሸራ፣ ከጎን ላስቲክ፣ ከሥር ካርቶን። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ዶክተር፣ ከሦስት ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ራሳችንን ያመናል፤ ልጆቹም ያቅለሸልሻቸዋል። ውሃው ይሆን?» አለችኝ። ዶክተር አለመሆኔን ብናገርም ስሙ አልለቀቀኝም። ወደ ውስጥ ስመለከት ከልጆቹ እግር አጠገብ፣ አመድ የለበሰ ከሰል የያዘ ማንደጃ አየሁ።

«እኅቴ፣ ይህ ሌሊቱን እዚሁ ያድራል?»

«ጢስ የለውም እኮ። እውጭ በደንብ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው የማስገባው።»

ከዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ይህን አነጋገር ከተማረውም ካልተማረውም ሰው ሰምቼዋለሁና። ጢስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ በዚህም ሳያስበው ያድነዋል። የሚገድለው ግን ጢሱ ካለቀ በኋላም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ቀይ ሆኖ ሲያምር፣ አመድም ለብሶ ያንቀላፋ ሲመስል መውጣቱን አያቆምም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ የሚያዞረው ሄሞግሎቢን ደግሞ ይህን አየር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ደሙ ቀይ እንደ ሆነ፣ ሳንባም እየተነፈሰ፣ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው ከእንቅልፍ ወደ መደንዘዝ፣ ከመደንዘዝም ወደ ሞት ሲሻገር አይነቃም። በማኅፀን ያለው ሕፃን ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል። አየሩ በቤቱ ሁሉ እኩል የሚቀላቀል ስለ ሆነ፣ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ መተኛት አያድንም።

ለሴትየዋ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። ማንደጃውን አውጥቼ፣ ሸራውን ገልጬ፣ እርሷንና ልጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድሁ። በአየሩ የተመረዘ ሰው በተራ አየር ውስጥ ሲቀመጥ የደሙ መርዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያጥራል። «ተሻለኝ» ያለን ነፍሰ ጡር ወደ መኝታዋ መመለስ የማይገባውም ስለዚህ ነው።

መምህራን ለተማሪዎቻችሁ አንዲት ምልክት ብታስጠኑልን ትልቅ ውለታ ነው። ይኸውም በአንድ ቤት ያደሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ከደጅ ሲወጡም ሲሻላቸው፣ ምግቡንና ውሃውን ከመክሰስ በፊት እሳቱን መጠርጠር ነው። ልጅ የተማረውን ማታ ለእናቱ ይናገራል።

ከአይሱዙው ጎን አንዲት አሮጊት አፋር ዳቦይታቸውን ተክለው ነበር። በአስተርጓሚ ስናወጋ፣ ሸራውንና ላስቲኩን በበትራቸው ነካ አድርገው፣ «ይህ ቤት አይተነፍስም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰሌኑ በጥልፍልፉ መካከል አየር ያሳልፋል። ሆኖም የእርሳቸው ቤት ራሱ ከእርዳታ በተገኘ ላስቲክ በግማሽ ተሸፍኖ ስላገኘሁት፣ እሳት ከውስጥ እንዳያሳድሩ ለመንኋቸው። ዝናብ የሚከለክል ላስቲክ አየርንም ይከለክላል።

ለብርዱ ምን ይደረግ? የመኪና ወለል ብረት ነው፤ የሰውን ሙቀት ከሥር ይስባል። ስለዚህ ከላይ ሌላ ብርድ ልብስ ከመጨመር በፊት ከሥር ካርቶን፣ ገለባ የሞላ ጆንያና ሰሌን ደራርቦ ማንጠፍ ይበልጣል። ውሃ ከደጅ አሙቆ፣ በደንብ በሚገጠም ጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማኖርም ይጠቅማል፤ ልጅን እንዳያቃጥል አስቀድሞ በእጅ ይፈተሽ። እሳቱ ከእራት በኋላ ከደጅ ይቅር። ከላይና ከታች የአየር መግቢያ መተው ለእርጥበቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳ አለ ተብሎ ከሰል አይገባም።

ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ ሲወረድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በሎጊያና በሰመራ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ያድራሉ፤ ሾፌሩና ረዳቱ በካቢና ውስጥ ይተኛሉ። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ መስኮት ሲከፈት ደግሞ የወባ ትንኝ ይገባል። መስኮቱን ዘግተው በቆመ መኪና ሞተሩን አስነሥተው የሚያድሩም አይቻለሁ፤ የጢስ ማውጫው ቀዳዳ ካለበት ያው መርዝ ከወለሉ ሥር ይመጣል። የትንኝ መረብ በመስኮቱ ላይ መወጠር ዋጋውም ድካሙም ከዚህ ያነሰ ነው። የመጠጥ ውሃን በተከደነ ጄሪካን መያዝንና ከአዋሽ ወንዝ የተቀዳውን ማፍላትን እዚህ የማነሣው ለማስታወስ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ መጠለያው ተመለስሁ። ማንደጃው ከመኪናው ራቅ ብሎ በሦስት ድንጋይ ተከልሎ ተቀምጧል፤ ልጆቹም ዙሪያውን ይዘው እጃቸውን ያሞቃሉ። ሴትየዋ አምስት የፕላስቲክ ጠርሙሶች በነጠላ ጠቅልላ ደርድራለች። «አምስተኛው ለማን ነው? ሾፌሩ እንደሆነ ወደ ሚሌ ሄዷል» ብላት፣ ወደ ዳቦይታው አመለከተችና «ለእማማ ናት፤ እሳቱን እሳቸውም አውጥተዋል» አለችኝ።