የድሬዳዋ ጎርፍ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ አይመስልም። አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ለግንባታም እየተዛቀ ይወሰዳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በዚሁ ደረቅ መውረጃ የመጣ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችንም ከቤታቸው አፈናቀለ። አብዛኛው ሰው ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር በከተማዋ ሰፈሮች፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሜትሮሎጂ ይታማል። ይዘንባል ሲል ፀሐይ ይወጣል፣ ዝም ሲል ይወርዳል ይባላል። ሐሜቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በቆላ ከተማ የሚጥለው ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ከምትሸፍን ደመና ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያስነሳታል፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገደማ ዘርግፋ ታልቃለች። የሳቢያንን ሰፈር አጥባ ከዚራን በአቧራው ልትተወው ትችላለች። «በአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ ይኖራል» የሚለው ትንበያ እንግዲህ ለአካባቢው ልክ ነው፤ ጃንጥላ ይዞ ለወጣው ሰው ግን ውሸት ነው።

ትንበያው በመቶኛ ሲመዘንም ነገሩ ያታልላል። ደረቅ አገር ላይ በየቀኑ «ዛሬ አይዘንብም» የሚል ሰው ሰማይ ሳያይ አብዛኛውን ቀን ልክ ይሆናል። የሚሳሳተው ሰው በሚሞትበት ቀን ነው።

የድሬዳዋ ዋና ችግር ግን ከዚህም ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ደንገጎ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ርቀቱ አጭር፣ ቁልቁለቱ ከባድ፣ ተዳፋቱ የተራቆተ ስለሆነ ላይ የዘነበው ውኃ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ ይወርዳል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ጎርፍ በር ሊያንኳኳ ይችላል ማለት ነው። ለድሬዳዋ የወጣ የዝናብ ትንበያ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አይነግርም።

ልክ የሆነ ትንበያ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ደግሞ ዱባይ አሳይታለች፤ እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን በዓይናቸው ያዩት ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከባዱ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያ ወጥቷል፤ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ከቤት እንዲሆኑ ተነግሯል። እዚያው አገር አል ዐይን አካባቢ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ በአገሪቱ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነው። መንገዱ ሐይቅ ሆነ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተስተጓጎለ። ሰዉ ጣቱን ደመና በማበልጸግ «ዝናብ አዘነቡ» ወደተባሉት ቀሰረ እንጂ ትንበያውስ አልተሳሳተም ነበር። ያልተዘጋጀው የውኃ መውረጃው ነው።

ድሬዳዋ ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ሠርታለች። ግንብ ግን ለተኛ ሰው አይናገርም። በእኔ ግምት ከተማዋ ከሜትሮሎጂ ልትጠይቅ የሚገባት የነገውን ሰማይ ብቻ አይደለም፤ በደጋው ተፋሰስ የዝናብ መለኪያዎችን፣ ሌሊትም የሚያነብባቸውን ሰው፣ ከዚያም ወንዝ ዳር ላለው ቀበሌ ወዲያው የሚደርስ ስልክና ሳይረን ጭምር ነው። አስተዳደሩ ለቀጣዩ ክረምት በጀት ሲይዝ ይህን ያስቀድም።