ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው

አባቴ በወጣትነቱ ነቀምቴ ላይ የተነሣው አንድ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ አለ። ኮት ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ከጀርባው የፏፏቴ ሥዕል ይታያል። ልጅ ሆኜ ያንን ፎቶ እያየሁ ኮርቼበታለሁ። በኋላ የአንድ ጓደኛውን ፎቶ አየሁ፤ ያው ኮት፣ ያው ከረባት፣ ያው ፏፏቴ። ብጠይቀው ሳቀና «ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው» አለኝ። ኮቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የሰፋው እንደሆነ ፎቶ አንሺው ከጀርባ በኩል በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ ያደርግለታል፤ የጠበበው እንደሆነ ሳይቆልፈው ክንዱን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ይነግረዋል። ሱሪው ግን የደንበኛው ነው። ካሜራው ከወገብ በታች አይወርድማ!

ዛሬ ያ ሥራ ስም ወጥቶለታል፤ ስታይሊስት ይሉታል። የሚነሣው ሰው ምን እንደሚለብስ የሚመርጥ፣ ልብሱን ከሱቅ ወይም ከልብስ ሰፊ ተውሶ የሚያመጣ፣ የሚያሳጥር፣ የሚተኩስ፣ ፎቶው ሲያልቅ ቆጥሮ የሚመልስ ባለሙያ ነው። የድሮው ፎቶ አንሺ ይህን ሁሉ በአንድ ኮትና በሦስት መርፌ ቁልፍ ይወጣው ነበር። ደንበኛው ግን የከፈለው ለስድስት ፍሬ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ኮቱንም የፎቶ አንሺውንም ዓይን ማንም ሒሳብ ውስጥ አላስገባቸውም። የዚህ ሙያ የገንዘብ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ሰው ለዕቃ ሲሉት ይከፍላል፤ ለዓይን ክፈል ሲሉት ግን ይደነግጣል።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የወለጋ ትልቅ ከተማ ናት። ቡርቃ ጃቶ ከሰፈሮቿ አንዱ ነው፤ ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። እዚያ ገብቶ «ስታይሊስት የት አገኛለሁ?» ያለ ሰው መልስ ለማግኘት ይቸገራል። «ቬሎ የምታከራይ»፣ «የባህል ልብስ የሚሰፋ»፣ «ሙሽራ የምትሠራ ፀጉር ቤት» ካለ ግን ልጅም ያሳየዋል። ሙያው ለሦስትና ለአራት ሰው ተከፋፍሎ በሌላ ስም ይኖራል ማለት ነው።

አከራይዋን እንይ። ቬሎ ስትገዛ የምታስበው ባለ ታክሲ መኪናውን እንደሚያስበው ነው፤ ስንት ምልልስ ያወጣል? የመጀመሪያዋ ለባሽ ከኋለኞቹ በላይ ትከፍላለች። መታወቂያ ወይም ገንዘብ መያዣ ይሆናል። ጫፉ ጭቃ ከነካው ወይም ዳንቴሉ ከተቀደደ ከመያዣው ይቆረጣል፤ በወለጋ ዝናብ ደግሞ ጭቃ ሳይነካው የሚመለስ ቬሎ ብርቅ ነው። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ስትቆም ታዲያ ሴትየዋ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንዱ ማከራየት ነው። ሌላው «ይሄ ትከሻሽን ያጠብብሻል፣ ያኛውን ሞክሪው፣ አንገትሽ ረጅም ስለሆነ ሐብሉን ተዪው» ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው በኒው ዮርክም በፓሪስም በቀን ሒሳብ የሚከፈልበት ሥራ ነው። እዚህ ኪራዩ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ዓይን ያላት አከራይ ዘንድ ሙሽሮች ይሰለፋሉ፣ ዓይን የሌላት ዘንድ ግን ቬሎው መደርደሪያ ላይ ያረጃል። ስለዚህ ክፍያው አለ፤ ደረሰኙ ላይ ነው የሌለው።

ፎቶ አንሺው ደግሞ የሠርጉ ዕለት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። ከሙሽራዋ ቤት ይጀምራል፣ ወደ ወንዱ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ከዚያ «ለፎቶ» ወደሚባለው ቦታ ይወስዳቸዋል። ለእኔ ነቀምቴ ውስጥ ከኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የተሻለ ዳራ የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የእንጨት ሥራ ነው፤ ጥላ ያለው በረንዳ አለው። ጥላው ከውበቱ በላይ ይጠቅማል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሙሽሮች ለፎቶ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር ወዲያ ወዲህ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የባህል ልብሱ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ነው፤ አንገትና ግንባር ላይ ጨሌ አለ። ካሜራ እንደ ሰው ዓይን ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ጊዜ አይችልም። ፎቶ አንሺው ነጩን ላድን ብሎ ብርሃን ሲቀንስ ጥቁሩ ከነጥልፉ ጥላሸት ይሆናል፤ ጥቁሩን ላውጣ ብሎ ሲጨምር ነጩ ይቃጠላል፣ ጨሌው ያብለጨልጭና ፊቱን ይበላዋል። ዓይን ሥር ደግሞ ጉድጓድ የመሰለ ጥላ ይወድቃል። የሚያውቅ ሰው ሙሽሮቹን ወደ በረንዳ ወይም ዛፍ ሥር አስገብቶ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዞራል፤ ረዳቱ በአልሙኒየም ወረቀት የተለበጠ ካርቶን ይዞ ከታች ብርሃን ይመልስለታል። የማያውቅ ሰው አደባባይ ላይ አቁሞ ያነሣና ማታ ኮምፒውተር ላይ ሊያክም ይቀመጣል። ስለ ማከም ካነሣሁ አይቀር፦ ፊት ማንጣት የሚባለውን ነገር አልወደውም። የጠይም ሙሽራ ፊት ነጭ ሆኖ እጇ ጠይም የቀረበት አልበም ስንት ቤት አለ! ፎቶ አንሺዎች «ደንበኛ ነው የሚጠይቀን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቢሆንም ዓይን ያለው ሰው የሚቀጠረው አንዳንዴ እንቢ እንዲል ጭምር ነው።

ገንዘቡስ? ለስሌት ያህል የፈጠርኩትን ቁጥር ልጠቀም። አንድ ፎቶ አንሺ ሠርግ በ30,000 ብር ተዋዋለ እንበል። ለቪዲዮ አንሺው 6,000፣ ለረዳቱ 2,000፣ ለመኪና 3,000፣ ለአልበም ማተሚያ 9,000 ወጣ። የተረፈው 10,000 ነው። ሠርጉ አንድ ቀን ይፈጃል፤ መምረጡ፣ ማረሙና አልበም መደርደሩ ሌላ አምስት ቀን። ለስድስት ቀን ሲካፈል በቀን ከ1,700 ብር አይሞላም፤ ገና የቤት ኪራይ፣ ግብርና የካሜራው ዕዳ አልተነሣም። ሰዎች «ለአንድ ቀን 30,000 ብር በላ» የሚሉት አምስቱን ቀን ስለማያዩ ነው።

ካሜራው ራሱ አገር ውስጥ አይሠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሌንስ ሊቀይር ገንዘብ ያጠራቀመ ልጅ ያጠራቀመው በግማሽ የቀለጠበት ያኔ ነው። ሠርግ ደግሞ እንደ ምንዛሪው ዋጋ አይጨምርም፤ ሙሽራው ባለፈው ዓመት ወንድሙ የከፈለውን ያውቃላ!

ሥራው የሚመጣውም እየተንጠባጠበ አይደለም፤ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይጎርፋል። በሁዳዴ ኦርቶዶክሱ አይዳርም። ወለጋ ውስጥ የመካነ ኢየሱስና የሌሎች ወንጌላውያን ምእመናን ብዙ ስለሆኑ ጾሙ ገበያውን ጎጃም ላይ እንደሚያደርቀው አያደርቀውም። ክረምቱ ግን ሁሉንም እኩል ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚያድነው ምርቃት ነው፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከተማ ጋውን፣ አበባና ፎቶ አይጠፉም። ኢሬቻ ሲደርስ ደግሞ የባህል ልብስ ሰፊዎች እንቅልፍ ያጣሉ። ደንበኛ የሚገኘው በቴሌግራምና በቲክቶክ በሚለቀቅ ሥራ ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ቀብዱም በስልክ ይገባል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በስልኩ ላይ የሚኖር ሙያ ያን ያህል ጊዜ እንዴት እንደሚውል መገመት አያስቸግርም።

ሠለጠነ በሚባለው ዓለም ዓይን ሁልጊዜ ለብቻው ይሸጣል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እዚያም ብዙ ጊዜ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ነው። ሊያ ከበደን ውሰዱ። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነች ሞዴል ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 የግንቦት ወር የፈረንሳዩ ቮግ መጽሔት ሙሉ እትሙን ለእሷ ሰጠ። ለእንዲህ ያለ የመጽሔት ሥራ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ሞዴሏም፣ ፎቶ አንሺውም፣ ስታይሊስቱም፣ ሜካፕ ሠሪውም የሚገቡበት ስማቸው ገጹ ጥግ ላይ እንዲጻፍ ነው። ልብሱ ውሰት ነው። ስታይሊስቱ የጫማውን ሶል በፕላስተር ይሸፍናል፤ ተረግጦ ከቆሸሸ ለሱቁ አይመለስማ! በዓመቱ በ2003 ሊያ ከኤስቴ ላውደር ጋር ተፈራረመች፤ የመዋቢያ ድርጅቱን የወከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆነች። ገንዘቡ ያለው እዚህ ማስታወቂያው ላይ ነው። መጽሔቱ መዝሪያ፣ ማስታወቂያው ማጨጃ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ለምለም ደግሞ የሸማኔ ሥራ ወደ ውጭ የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ በዚህኛው ልብሱም የራሷ ሆነ።

ማስታወቂያው ላይ የሚከፈለውም ለተነሣበት ቀን ብቻ አይደለም። ዋናው ዋጋ የአጠቃቀም ፈቃድ ነው፤ ፎቶው በየትኛው አገር፣ ለስንት ጊዜ፣ ቢልቦርድ ላይ ነው ወይስ ስልክ ላይ? አንድ ምስል ለስድስት ወር ተከራይቶ ለሌላ ስድስት ወር ሲታደስ እንደገና ይከፈላል። ቬሎዋን በምልልስ ከምታሰላው ሴት በሒሳቡ አይለይም።

ሌላ መንገድም አለ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ፎቶ አንሺ ናት። ሥዕል በመሰሉት ፎቶዎቿ ፊት ይቀባል፣ ልብሱ በቀለሙ ተመርጦ ይሠራል። ዋተርኤድ የተባለው ድርጅት አዝዟት ስለ ውኃ የሠራችውን ተከታታይ ሥራ ያነሣችው አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ነው። እዚህ ከፋዩ ልብስ ሻጭም ሙሽራም አይደለም፤ ጉዳዩ እንዲታይለት የሚፈልግ ተቋም ነው። ከዚያ ሥራው በተወሰነ ቁጥር ታትሞ ለሰብሳቢ ይሸጣል። ወለጋ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ገና ብዙ ይቀራል፤ ግን ቡናና ወርቅ ያለው አገር ለምርቱ ፎቶ የሚከፍል ነጋዴ ማጣቱ ይገርመኛል።

ክፍያ መዘግየት የሁሉም አገር በሽታ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የግል ባለሙያ ሥራ በጽሑፍ ውል እንዲሆን፣ የመክፈያ ቀን ካልተጻፈበትም ሥራው ባለቀ በ30 ቀን እንዲከፈል አስገድዳለች። እኛ ዘንድ የተለመደው ሦስት ጊዜ መክፈል ነው፤ ቀብድ፣ የሠርጉ ዕለት፣ አልበም ሲያልቅ። ሦስተኛው ነው የሚጠፋው። ሙሽሮቹ ፎቶውን በፍላሽ ከወሰዱ በኋላ አልበሙ ሱቁ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ተገላቢጦሹም አለ። እኔ ራሴ ለእህቴ ሠርግ ቀብድ የከፈልኩት ፎቶ አንሺ በዋዜማው «የተሻለ ሥራ አገኘሁ» ብሎ ቀብዴን ብቻ መለሰልኝ። ያኔ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ያው ሕግ ቁጥር 27 ላይ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሠርግሽ ፎቶ የቬሎ ማስታወቂያ ሆኖ ካገኘሽው መጠየቅ ትችያለሽ። ፎቶ አንሺውም የራሱ መብት አለው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቅለታል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ፎቶው የስብስብ አካል ካልሆነ ወይም መጽሐፍ ላይ ካልወጣ የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት።

የአባቴን ፎቶ ገልብጬ አየሁት። የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለበት፤ ሐምራዊ ቀለም፣ ስሙ ደብዝዟል፣ «ነቀምቴ» የሚለው ግን ይነበባል። እናንተም የቅርቡን የሠርግ ፎቷችሁን ገልብጡትና እዩት። ባዶ ከሆነ ወደ ፎቶ ቤቱ ሂዱና ማኅተም አስመቱበት፤ ቀሪ ሒሳብ ካለባችሁም ያኔውኑ ክፈሉ።