ቻርጅ አልይዝ ያለው ጎልፍ ካርት

ከአትላንታ በስተደቡብ ባለችው ፒችትሪ ሲቲ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የጎልፍ ካርት መንገድ ተዘርግቷል። ሰው በካርት ገበያ ይሄዳል፤ ተማሪውም ትምህርት ቤት ይደርስበታል። አገሩም የካርት አገር ነው፦ ኢ-ዚ-ጎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው እዚያው ጆርጂያ፣ ኦገስታ ውስጥ ሲሆን ተፎካካሪው ክለብ ካርም የሚሠራው በዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ በአትላንታ ዙሪያ ለሚኖር፣ ለእኛም ሰው ጭምር፣ ያገለገለ ካርት ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ከተገዛ በኋላ ዳገት ላይ ሲልፈሰፈስ ወይም ቻርጀሩ ተሰክቶ ጭጭ ሲል ነው። ያኔ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ “ባትሪዎቹን በሙሉ ቀይር።” ወጪው ቀላል ስላልሆነ ምክሩን ከመቀበል በፊት ርካሽ ቴስተር ገዝቶ መለካት ይሻላል።

መቀመጫውን ብድግ ስታደርጉት ባትሪዎቹ ተደርድረው ይታያሉ። የውሃ ክዳናቸውን ቁጠሩ፤ ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ያለው ሴል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሦስት ክዳን ያለው ባለ 6 ቮልት፣ አራት ያለው ባለ 8፣ ስድስት ያለው ባለ 12 ነው። ስድስት ባለ 6 ከተደረደሩ ካርቱ የ36 ቮልት ነው፤ ስድስት ባለ 8 ወይም አራት ባለ 12 ከሆኑ የ48። ያንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር እየተያያዘ ስለሚሄድ የሚያልፍባቸው ከረንት አንድ ነው። አንዱ ሲታመም ታዲያ ካርቱ በሙሉ የደከመ ይመስላል። ባለቤቱን ለኪሳራ የሚዳርገውም ይህ ነው።

ቻርጀሩ ዝም ሲል በቀጥታ እሱን መወንጀል ልክ አይደለም። አብዛኛው አውቶማቲክ ቻርጀር ከባትሪዎቹ በኩል የተወሰነ ቮልት ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። ካርቱ ለወራት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ባትሪዎቹ ጨርሰው ከወረዱ ደህናው ቻርጀርም አይነሳም። በ36 ቮልት ካርት ላይ መፍትሔው አጠገብ ላጠገብ የተያያዙትን ባለ 6 ቮልቶች ሁለት ሁለቱን እንደ አንድ ባለ 12 ቆጥሮ በተራ የመኪና ባትሪ ቻርጀር ለጥቂት ሰዓት ማንቃት ነው፤ ከዚያ የራሱ ቻርጀር ይረከባል። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡ ብዙ የክለብ ካር ባለ 48 ቮልት ካርቶች ደግሞ ቻርጀሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር በውስጣቸው አለ፤ እሱ ሲበላሽ ቻርጀሩ ያለ ጥፋቱ ይጣላል።

ቻርጀሩ ከተነሳ ቴስተሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ተርሚናል ላይ አድርጉ። ቮልቱ ከነበረበት ከፍ እያለ ከሄደ እየሞላ ነው። ቻርጀሩ ድምፅ እያሰማ ቮልቱ ንቅንቅ ካላለ ፊውዙን፣ ገመዱንና መሰኪያውን መርምሩ።

ሞልቶ ካበቃ በኋላ ቢቻል እስከ ማግሥቱ ሳይነዳ ይቆይ፤ ወዲያው የተለካ ቮልት ያታልላል። ያረፈ ሙሉ ባለ 6 ባትሪ 6.3 ያህል፣ ባለ 8ቱ 8.4 ያህል፣ የ48 ቮልቱ ድርድር በድምሩ 51 ገደማ ያሳያል። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ የታመመ ባትሪ አርፎ ሲለካ ጤነኛ ሊመስል ይችላልና። ካርቱን እስኪደክም ንዱትና ወዲያው እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ለኩ። ሁሉም ተቀራርበው ከወረዱ ድርድሩ አርጅቷል። አንዱ ብቻ ከጓደኞቹ አንድ ቮልት ያህል ዝቅ ካለ ግን በሽተኛው ተገኘ። ሃይድሮሜትር (የባትሪ አሲድ ጥግግት መለኪያ) ያለው ሰው ደግሞ እስከ ሴሉ ድረስ ይወርዳል፦ በሞላ ባትሪ ውስጥ ንባቡ 1.277 አካባቢ ሲሆን፣ በአንድ ባትሪ ሴሎች መካከል የ0.050 ልዩነት ከታየ ዝቅ ያለው ሴል ተጎድቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ መነጽር አድርጉ፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን በብልጭታ ይፈነዳልና ሲጋራ አይቅረብ። ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት የመጎተቻ ማብሪያ ያለው ካርት ከሆነ ወደ መጎተቻው አዙሩት።

የባትሪ ውሃ የሚጨመረው ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ካበቃ በኋላ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ስለሚያብጥ ውሃ ቀድሞ የተጨመረበት ባትሪ አሲድ ይተፋል። የእርሳስ ፕሌቶቹ ከተጋለጡ ብቻ እስኪሸፈኑ ድረስ አስቀድሞ ይጨመር። ውሃው የተጣራ እንጂ የቧንቧ አይሁን፤ አሲድም አይጨመር። ብዙ ያገለገሉ ካርቶች የሚሞቱት ውሃው ችላ ሲባል ነው፤ እንዲህ በቀላሉ የሚከለከል ጉዳት ማየት ያሳዝናል።

በሽተኛው አንድ ብቻ ከሆነና ሌሎቹ ገና አንድ ሁለት ዓመታቸው ከሆነ እሱን ብቻ መተካት ያዋጣል። ሌሎቹ አምስት ስድስት ዓመት ካገለገሉ ግን አዲሱ ከደከመ በሬ ጋር እንደተጠመደ ወይፈን ሆኖ ያለ ጊዜው ያረጃል። ዕድሜያቸውን ከሻጩ ቃል ይልቅ ባትሪው ላይ ከተመታው ምልክት አንብቡ፤ ትሮጃን ለምሳሌ በኔጌቲቭ ተርሚናሉ ላይ ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በአኃዝ ያስቀምጣል። ወደ ሊቲየም መዞር የፈለገ ሰው ደግሞ የቻርጀሩን ዋጋ አብሮ ያስላ፤ ለእርሳስ ባትሪ የተሠራው አሮጌ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ለሊቲየም አይሆንም።