ዋልያን በማልያ ላይ ብቻ?

ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «ዋልያዎቹ!» እያልን እንጮሃለን። ማልያውን ገዝተን እንለብሳለን። ሲሸነፉ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ምስኪኑን እንስሳ መሳቂያ እናደርገዋለን። ግን ከመካከላችን ዋልያን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? አዲስ አበባ ያለውን ተዉት፤ ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያደገውን ጠይቁ። አብዛኛው «በፎቶ ነው የማውቀው» ይላችኋል።

ዋልያ በዓለም ላይ በዱር የሚገኘው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ያሉትም በሺዎች ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከጎንደር ፒያሳ እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከአውሮፓ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ የሚመጣ ሰው አለ፤ እኛ አንድ ሚኒባስ አልሞከርንም።

የሚገርመው፣ ሰውን ተፈጥሮ ውስጥ ይዞ የማስጎብኘት ሥራ እዚያ አዲስ ነገር አይደለም። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። ትመዘገባላችሁ፣ የመግቢያ ትከፍላላችሁ፤ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ነው። የአካባቢው አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አብሯችሁ ይወጣል። ማደር ካሰባችሁ በቅሎ ከነነጂው ይጨመራል፣ ምግብ አብሳይም ይጨመራል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ በእግር ነው። በአንድ ጎብኚ ኪስ ስንት ቤት እንደሚተዳደር እናንተው አስሉት።

ያለ አስጎብኚም ቢሆን ገደሉ ገደል ነው፣ ጉሙም ጉም ነው፣ ፎቶውም አሪፍ ይወጣል። ልዩነቱ የሚታየው የሚያስረዳ ሰው አጠገባችሁ ሲቆም ነው። ጭላዳን ውሰዱ። ከሩቅ ስታዩት ዝንጀሮ ነው፣ አለቀ። አስጎብኚው ግን እጁን እዩት ይላችኋል። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ የዝንጀሮ ዘር በዓለም ላይ የለም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ የጌጥ አይደለም፤ በመንጋው ውስጥ ያለውን ማዕረግ ይናገራል፤ የብዙ ሚስቶች ባል የሆነው ወንድ ቀዩ ይደምቃል። ሲመሽ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይወርድና ጅብ በማይደርስበት ድንጋይ ላይ ተጠግቶ ያድራል። አንድ ነገር ደግሞ ለሰልፊ ወዳጆች፤ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳያችሁ እየሳቀላችሁ አይደለም። «ራቁልኝ» ማለቱ ነው።

ጅብራም እንደዚያው ነው። ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ይህን የሰማ ሰው ለፎቶ ብሎ አይደገፈውም። ከላይ የሚያንዣብበው አጥንት ሰባሪ አሞራ ደግሞ አጥንቱን ከፍ አድርጎ ወስዶ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበርለት ወርዶ ይበላል። ይህን ሁሉ ጎግል ላይ ታገኙታላችሁ። «አሁን ያንን አለት እዩ፣ ሊለቀው ነው» የሚላችሁ ግን ሰው ነው።

ሰሜን ተራሮች በ1970 ዓ.ም ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ላሊበላም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ የጋላፓጎስ ደሴቶችና የአሜሪካው የሎውስቶንም እንዲሁ። በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ያ ለውጥ በነፃ አልመጣም። የግጭ መንደር ሰዎች አባቶቻቸው የኖሩበትን መሬት ለቅቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ለፓርኩ የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ ፓርኩ ጎብኚ ሲያጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት የደባርቅና የአካባቢዋ ሰዎች ናቸው።

ጎብኚ ጠፍቷል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፤ በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከውጭ ሰው ጋር ብቻ የቆመ ሥራ የውጭው ሰው ሲቀር ይወድቃል። በእንግሊዝኛ የወፍ ስም በመቶ የሚቆጥር አስጎብኚ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ የሚያጣው ገቢ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሥራ ይቀይራል፣ አንዳንዱ ይሰደዳል፤ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ ተራራው ሩቅ በሆነበት በዚህ ጊዜ አስጎብኚውን ለምን ወደ ከተማ አናወርደውም? ሐሳቤ ይህ ነው። በቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አሥር አሥራ አምስት ወጣት፣ አንድ የሚያውቅ ሰው። ጎንደር ለዚህ የሚሆን ቦታ አላት፤ እኛ «ቅርስ» ብለን በድንጋይ ብቻ ስለምናያት ነው እንጂ።

የፋሲል መዋኛን ተመልከቱ። በጥምቀት ስንገፋፋ የምንውልበት ግቢ በሌላው ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። የዋርካ ዘር የሆኑት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸውን አጥሩ ላይ ዘርግተው ድንጋዩን እንደ እባብ ጠምጥመውታል። ሥሩ ግንቡን እየያዘው ነው ወይስ እያፈረሰው? ይህን ጥያቄ ብቻ ይዞ አንድ የዕፅዋት ሰው ግማሽ ሰዓት ሊያወራችሁ ይችላል። መዋኛውን የሚሞላው የቀሃ ወንዝ ነው፤ ወንዙን ተከትሎ መውረድ ሌላ ትምህርት ነው፤ ፕላስቲኩም ጭምር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ ደግሞ ሁሉም አንገቱን ወደ ጣሪያው፣ ወደ መላእክቱ ፊት ያነሳል። ውጭ ያሉትን ጥዶች የሚያይ የለም። በሰሜን ኢትዮጵያ የቀረው አገር በቀል ደን አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። «እመጓ»ን ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ደራሲው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ናቸው፤ የዶክትሬት ጥናታቸውም በዚሁ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ወይራውንና ጥዱን ከባሕር ዛፍ ለይቶ፣ ለምን አንዱ ሥር ሌላ ነገር ሲበቅል ሌላው ሥር እንደማይበቅል የሚያሳይ ሰው ቢገኝ፣ የትምህርት ቤት ባዮሎጂ ድንገት ነፍስ ይዘራል። እርግጥ የጸሎት ቦታ ነው፤ የደብሩ አባቶች ሳይፈቅዱና በሥርዓቱ ሳይገባ አይሆንም።

ሦስተኛው አንገረብ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው። በጎንደር ውኃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ያውቃል። ለከተማዋ ውኃ ከሚሰጡት አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ ግድቡ ደግሞ በደለል ተቸግሯል። ከላይ ያለው ኮረብታ ሲራቆት አፈሩ በክረምት ይወርዳል፣ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፣ የውኃውን ቦታ ይይዛል። ይህን በዜና መስማትና ኮረብታው ላይ ቆሞ ቦረቦሩንም ግድቡንም በአንድ ዓይን ማየት አንድ አይደለም። በየክረምቱ ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን፤ የት ቢተከል ምን እንደሚያቆም የሚነግረን ግን እምብዛም ነው።

ስልክስ? ስልክ ይዛችሁ ኑ። መርሊን የሚባለው መተግበሪያ የወፍ መለያውን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ያያችሁትን ኢበርድ ላይ ብትመዘግቡ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ከራሱ ጀርባ ነጭ ምልክት ያለበትን፣ መንቆሩ ወፍራም የሆነውን ትልቅ ቁራ ታውቁታላችሁ፤ ቆሻሻ ስር የምናየው ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ደጋ ውጭ የለም። ይህን የሰማሁ ጊዜ ቁራን የማይበት ዓይን ተቀየረ። መተግበሪያው የማያውቀው ደግሞ አለ። ኮሶ ለምን ኮሶ እንደተባለና እንዴት እንደሚጠጣ፣ ብሳናው ለምን እንደሚጠቅም፣ ግራዋው በየቤቱ ምን እንደሚታጠብበት። ይህ ያለው እናቶች ጋ ነው። በእግር ጉዞው ላይ ከአስጎብኚው ጎን አንዲት እናት ቢኖሩ ደስ ይለኛል፤ አበላቸውም በሥርዓት ይከፈላቸው።

ነገሩ በአገራችን ያልተሞከረም አይደለም። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው፤ የሽርሽርና የወፍ እይታ ጉዞ ሲያዘጋጅ ኖሯል። እንጦጦ ሥር ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ተማሪዎችን ይቀበላል። ጎንደር ላይ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ባዮሎጂ የተማረ ሥራ ፈላጊ አለ፣ ተራውን የሚጠብቅ አስጎብኚ አለ። የጎደለው አገናኝ ነው።

«በነፃ ይሁን» የሚል ይኖራል። አልስማማም። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ቢከፈል ተሳታፊው በሰዓቱ ይመጣል፣ አስጎብኚውም ሥራ ሠራ ይባላል። የተማሪ ክለቦች ግን በነፃ ቢገቡ ጥሩ ነው። ፀጥታውን በተመለከተ ደግሞ መዋሸት አያስፈልግም፤ በአሁኑ ሁኔታ ከከተማ መውጣት በየሳምንቱ የሚታይ ጉዳይ ነው። መዋኛውና ሥላሴ ግን ከተማ ውስጥ ናቸው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወፉም ብርሃኑም ጥሩ ነው። ቡድኑ ከ15 አይብለጥ። ደማቅ ልብስ ተዉ፣ ስፒከር ቤት አስቀምጡ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ደባርቅ ስትወጡ ደግሞ ወፍራም ጃኬት አትርሱ፤ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ዋልያውን የማየት ዕድላችሁ የሚሰፋው ጨነቅ ላይ ነው፤ በጠዋት፣ ገደሉን ወደ ታች እያያችሁ።