ቅርቡ ሆስፒታል ወይስ ትልቁ?

ስትሮክ የጣለውን ሰው የጫነ አምቡላንስ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይወስዳል፤ እዚያ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ከተደረሰ ነው ታዲያ። ሌላው ራቅ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ይወስዳል፤ እዚያ ሐኪሞች ከብሽሽት ተነሥተው ቀጭን ቱቦ በደም ቧንቧ ውስጥ እስከ አንጎል ያደርሱና የረጋውን ደም ስበው ያወጣሉ። ይህ ሕክምና ትልቅ የአንጎል ደም ቧንቧ የተዘጋባቸውን ሰዎች ከአካል ጉዳት እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተሙ አምስት ጥናቶች አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ የአምቡላንስ ባለሙያው ስትሮክ መሆኑን መለየት ብቻ አልበቃውም፤ ክብደቱንም መገመት አለበት።

ጊዜው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ትልቅ ቧንቧ ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር በ2006 አስልተዋል።

የነርቭ ሐኪሞች በሆስፒታል የሚጠቀሙበት ባለ 42 ነጥብ ምርመራ በሚሮጥ መኪና ውስጥ አይመችም። የሎስ አንጀለስ ባለሙያዎች ሦስት ነገር ብቻ ያያሉ፦ የፊት መጣመም፣ የክንድ መውደቅና የእጅ ጭብጥ ጥንካሬ። ከ5 ነጥብ 4ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ትልቅ ቧንቧው መዘጋቱ ያጠራጥራል።

በስፔኗ ካታሎኒያ ተዘጋጅቶ በ2014 የታተመው «ሬስ» የተባለው መለኪያ ጠለቅ ይላል። ፊትን፣ ክንድንና እግርን ከመመርመሩም በላይ ዓይንና ራስ ወደ አንድ ጎን መዞራቸውን ያያል። ቀኝ ጎኑ የዛለውን ሰው «ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እጅዎን ይጨብጡ» ይሉታል፤ የተባለውን መረዳቱን ለማየት ነው። ግራ ጎኑ የዛለውን ግን የራሱን ክንድ እያሳዩ «ይህ እጅ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። «የእኔ አይደለም» የሚል ሰው አለ። ክንዱ እንደዛለም አያውቅም፤ ደህና ነኝ ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መታመሙን ስለማያውቅ እርዳታ ላይጠራ ይችላል፤ ስለዚህ ይህች ጥያቄ ከመለኪያው ሁሉ የላቀች ትመስለኛለች። ከ9 ነጥብ 5ና ከዚያ በላይ ያገኘ ከባድ ተብሎ ይመዘገባል።

ይሁንና ነጥብ ምስል አይደለም። የደም ስኳር መውረድ ስትሮክ ሊመስል ስለሚችል ጣት ወግቶ መለካት ግድ ነው። በአንጎል የኋላ ክፍል የሚደርስ ስትሮክ ማዞርና ሚዛን ማጣት ብቻ አሳይቶ ከመለኪያው ሊያመልጥ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ቧንቧ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ ደም እየፈሰሰ እንደ ሲቲ ስካን ባለ የአንጎል ምስል ካልታየ መለየት አለመቻሉ ነው።

ታዲያ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሁሉ ቅርቡን ሆስፒታል አልፎ ወደ ትልቁ ይሂድ? ካታሎኒያ ይህን በግምት አልተወችም። ከ2017 እስከ 2020 ከትልልቅ ማዕከላት ርቀው የሚኖሩ 1,401 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ፣ አንዱን ወገን ወደ ቅርቡ ሆስፒታል፣ ሌላውን በቀጥታ ወደ ትልቁ ልካ ተከታተለች። በ2022 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ ከ90 ቀን በኋላ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የአካባቢው ሆስፒታሎች ፈጣኖች ነበሩ፤ መድኃኒቱን ሰጥተው ታማሚውን ሳያዘገዩ ይልኩታል። ቀጥሎ የወጣው ትንተና ደግሞ ደም የፈሰሰባቸው ሰዎች ረጅሙን መንገድ ሲሄዱ ይበልጥ እንደተጎዱ አሳየ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሚታዩት የስትሮክ ታማሚዎች መካከል የደም መፍሰስ ያለባቸው ድርሻ ከአውሮፓው ከፍ ስለሚል፣ ይህ ግኝት ለእኛም የቀረበ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ መለኪያው ከንቱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የካታሎኒያው ውጤት የሚነግረን ነጥቡ ብቻውን መኪና መምራት እንደሌለበት ነው። የቅርቡ ሆስፒታል ቀርፋፋ ከሆነ፣ ታማሚው እዚያ ተኝቶ ሰዓት የሚያልፍበት ከሆነ፣ ማለፉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ፈጣን ከሆነ ግን ለምን ይታለፋል? ይህን ለመመለስ የየአካባቢውን መንገድና ሆስፒታል ማወቅ ያሻል፤ ከሌላ አገር የተቀዳ መመሪያ አይመልሰውም።

በጀርመን ከ2008 ጀምሮ በሆምቡርግ፣ በኋላም በበርሊን፣ ሲቲ ስካን የጫኑ አምቡላንሶች ይሠራሉ። ዋጋቸው ግን ለብዙ ከተሞች የሚቀመስ አይደለም። አብዛኛው ዓለም በባለሙያው ዓይንና እጅ ላይ ይመካል። ነጥቡ ጥቅም የሚሰጥበት አንድ ሥራ ግን በማንም ዘንድ አያከራክርም፤ ባለሙያው ከመንገድ ላይ ደውሎ ነጥቡን፣ የስኳር ልኩንና ታማሚው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ሲናገር፣ የሲቲ ክፍሉ ቀድሞ ይለቀቃል፤ ታማሚውም ከነቃሬዛው ወደዚያው ይገባል።