የጤና አዳሟ ቮልስ

በየትኛውም የፋብሪካ መዝገብ የሌለ ቀለም ሲጎዳ እንዴት ይመለሳል?

ባለፈው መስከረም አንድ ሚኒባስ የአባቴን ቮልስ ግራ የፊት ፓራፋንጎ ገጭቶ ሲያጨማድደው እኛ ልጆቹ እየሮጥን ሄደን መጀመሪያ ያየነው የእሱን ደህንነት ነው። እሱ ግን ዓይኑ ፓራፋንጎው ላይ ነበር። "ላሜራው ይቀናል። ቀለሙን ከየት ነው የማመጣው?" አለ፣ አስፋልቱ ዳር እንደቆመ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቴና አባቴ በ1974 ዓ.ም. ሊጋቡ ሁለት ወር ሲቀራቸው አባዬ ቮልሷን ሊያስቀባ ጋራዥ ወሰዳት። ከፋብሪካ ስትወጣ ነጭ ነበረች፤ ቮልስዋገን ኤል 87 ብሎ የሚጠራው፣ ወደ ክሬም የሚያደላው ነጭ። እማዬ ነጭ አልፈለገችም። ቀቢው "ታዲያ ምን ዓይነት ይሁንልሽ?" ሲላት ከእናቷ ጓሮ የቀጠፈችውን ጤና አዳም አውጥታ "እንዲህ" አለችው። ጤና አዳምን ልብ ብለው ካዩት አረንጓዴ ብቻ አይደለም። ሰማያዊ አለበት፣ ላዩ ላይም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀቢው ቀናት ፈጅቶበት በጥብጦ አወጣው። ከየትኛው ቀለም ስንት እንደጨመረ ግን የትም አልጻፈም። እማዬ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

የእርስዎ መኪና በፋብሪካ ቀለሟ ያለች ከሆነች ጣጣው ያንሳል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ያገኛሉ፤ "ሲ/ቲአር" ከሚለው ቀጥሎ ያለው የቀለሙ መለያ ነው። 040 ከሆነ ነጭ፣ 1ኤፍ7 ከሆነ ብርማ፣ 070 ከሆነ ደግሞ ዕንቁ መሳይ ነጭ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሥር ነጭ፣ ከላዩ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ስስ ቀለም፣ ከዚያ ክሊር ተደርቦበት የሚሠራ ስለሆነ ዋጋው ከተራው ነጭ ቢወደድ አይገረሙ። ብርማውም ቢሆን ተንኮለኛ ነው። ውስጡ ያሉት ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች የሚተኙት እንደ ቀቢው እጅ ነው። አርጥቦ ከረጨው ይጠቁራል፣ አድርቆ ከረጨው ይነጣል፤ ቀለሙ የተቀዳው ከአንድ ቆርቆሮ ቢሆንም። ለዚህ ነው ጥሩ ቀቢ አንድ በር ሲቀባ ቀለሙን ወደ አጎራባቹ በር እያሳሳ የሚያሻግረው። "የማይመለከተውን በር ለምን ነካብኝ?" ብለው አይቆጡት።

እኛ ግን ሰሌዳም መለያም አልነበረንም። ቄራ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ በዚህ ሥራ ያረጀ ቀቢ አገኘን። ከአባዬ በዕድሜ ጥቂት ነው የሚያንሰው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፣ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሸት አድርጎ አሳየን። እጁ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ቀርቷል። "ይሄ ቀለም አይደለም ጋሼ፣ ፀሐይ የበላው ነው" አለ። አንድ ቦታ ላይ ፖሊሽ ሲያደርግበት እውነትም ሌላ ቀለም ብቅ አለ።

ከዚያ የተጎዳውን ፓራፋንጎ ፈታ። በቮልስ ፓራፋንጎው በብሎን የታሰረ ነው፤ በእሱና በቦዲው መካከል ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ይገባል። ጥብጣቡን ሲያነሳው ከሥሩ የጣት ስፋት ያለው መስመር ታየ። ከ1974 ጀምሮ ፀሐይ ያልነካው የእማዬ ቀለም! "የቀባት ሰው ሥራ የሚያውቅ ነው፤ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ነው የቀባው" አለ ቀቢው። አባዬ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

በመጀመሪያ በመሣሪያ ተሞከረ። ብርሃን እየላከ የሚመለሰውን የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ ማሽን ነው። ያነበበውን በኮምፒውተር ካለው የቀለም ቀመር ጋር ያመሳክርና የሚቀርበውን ይሰጣል። የእኛ ከአንዱም ስላልገጠመ የተሰጠን ቀመር ሲበጠበጥ ንጹሕ አረንጓዴ ወጣ፤ ጤና አዳም ሳይሆን አዲስ የተቀባ የሱቅ በር። ቀቢው "መነሻ ይሆነናል" ብሎ ወደ እጁና ወደ ዓይኑ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁልጊዜ የሚነሳው ከፈዛዛው ነው። ነጭ ላይ ጥቂት ጥቁር ጠብ ቢል ያጠቁረዋል፤ የጠቆረውን ለማንጣት ግን ነጭ በሊትር ቢጨመርም ላይበቃ ይችላል። መጀመሪያ ድምቀቱን ከጥቁረቱ ያመዛዝናል፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሂድ ወደ ቢጫ ያያል፣ በመጨረሻ ያን አመዳምነት ያመጣል። እያንዳንዱን ጠብታ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ግራሙን ደብተር ላይ ይጽፋል። እርጥብ ቀለም አይቶ አይፈርድም፣ ሲደርቅ ይለወጣልና። ትንሽ ካርድ ላይ ረጭቶ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ነው የሚያስጠጋው። ሲያስተያይም አያፈጥም፤ ዓይን ቀለሙን ይለምደውና መዋሸት ይጀምራል። ቶሎ አይቶ ፊቱን ወደ ግራጫው ግድግዳ ይመልሳል። እኔንም "እህቴ፣ ሹራብሽ ቀይ ነው፤ ትንሽ ራቅ በይልኝ" ብሎ ከአጠገቡ አባረረኝ። ለካ የልብስ ቀለም ካርዱ ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው ካርድ ጋራዡ ውስጥ፣ አምፖሉ ሥር፣ ፍጹም ነበር። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደጅ ስናወጣው ግን አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ዝንጅብል የነካው መሰለ። ያኔ የተበጠበጠበት የቀለም ዱቄትና የዛሬው አንድ ስላልሆኑ በአንድ ብርሃን ይስማማሉ፣ በሌላው ይጣላሉ። መኪናዎን ከጋራዥ ሲረከቡ ይህን ያስታውሱ። ውስጥ ሆነው አይፈርሙ፤ ፀሐይ ላይ አስወጥተው፣ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይዩት።

አንድ ነገር ለወላጆች። ልጆቻችሁን "ኑ እዩ" ብላችሁ ቀለም ቤት አታስገቡ። አሮጌ የመኪና ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ሲፋቅ አቧራው አደገኛ ነው። ዛሬ ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ሃርድነር ደግሞ አስም ሊያስይዝ የሚችል ኬሚካል አለው። ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል፤ አፍን በሻሽ መጠምጠም ዋጋ የለውም። የእኛ ቀቢ ጭንብል ነበረው፣ ረዳቱ ግን አልነበረውም። ይህን ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።

በአምስተኛው ካርድ ደረስንበት፤ በጥብጣቡ ሥር ያለው ቀለም ከካርዱ አልለይ አለ። ችግሩ የመጣው ያኔ ነው። አባዬ ካርዱን ይዞ "ይሄ ሰማያዊነቱ በዛ፤ እሷ የመረጠችው እንዲህ አልነበረም" አለ። ቀቢው ቅር አለው። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባዬ ዓምና የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሞራ ያለበት ዓይን እንደ ቢጫ መስታወት ሰማያዊውን ይጋርዳል፤ ሲነሳ ሰማያዊ ሁሉ ይጎላል። ለዓመታት ቮልሷን ያያት በዚያ ቢጫ ውስጥ ነበር። ይህን ስነግረው ጥብጣቡን ራሱ አንስቶ ደግሞ አየው። "እንግዲህ ሠርጋችን ላይ ዓይኔ ደህና ነበር" አለና ዝም አለ።

"ጋሼ፣ የቷን ልቀባልዎት? የዛሬዋን ነው የያኔዋን?" አለ ቀቢው። የያኔዋን ከቀባ ፓራፋንጎው ብቻ ደምቆ ይቀራል፤ መኪናዋ በሙሉ ካልተቀባች አይገጥምም። የዛሬዋን ከቀባ ደግሞ ያ መስመር ለዘላለሙ ከጥብጣቡ ሥር ተሸፍኖ ይቀመጣል።

አባዬ አንድ ቀን አስቦ መለሰ። "የዛሬዋን ቀባልኝ። እንደ እራፊ ጨርቅ አላስለጥፍባትም።" ቀቢው ካርዱ ላይ ነጭና ጥቂት አመድማ ቀለም እየጨመረ በሁለት ቀን ፈዛዛውን አገኘው። ጥብጣቡ ፓራፋንጎውን ከቦዲው ስለሚለየው ቅንጣት ልዩነት ቢኖር እንኳ ዓይን አያገኘውም።

መኪናዋን ስንረከብ አባዬ አምስተኛውን ካርድ ጠየቀ። ከጀርባው የግራሞቹ ልክ በቀቢው እጅ ተጽፏል፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጥቂት የአፈር ቢጫ። ቤት ስንደርስ ከደጃችን ማሰሮ ላይ አንዲት የጤና አዳም ቅጠል ቀጥፎ ካርዱ ላይ አስጠጋት። አልገጠመም። ቅጠሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ካርዱ ወደ ሰማያዊ።

"ለነገሩ ያኔም አልገጠመም ነበር" አለ እየሳቀ። "እናትሽ ግን ሰውየውን 'ልክ ነው' ብላ አመሰገነችው።" ካርዱን ሊብሬው መሐል አስገብቶ ኪሱ ከተተው።