ድምፁን የቀነሰው ጊታር

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ የጊታሩን ሣጥን ሆን ብሎ ለንዝረት እንዲዳፈን አድርጎ ቢሠራው ሙያውን የማያውቅ ሊመስለን ይችላል። ይሁን እንጂ የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ለገበያ ያቀረበው ኢኤስ-175 የተባለው የጃዝ ጊታር የተሠራው እንዲህ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

የጊታር ክር ቀጭን በመሆኑ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ የሚያንቀሳቅሰው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህም በትልልቅ ባንዶች ውስጥ ድምፁ በትንፋሽ መሣሪያዎች ይዋጥ ነበር። ጊብሰን በ1922 ባወጣው ኤል-5 ጊታር ላይ እንደ ቫዮሊን ከስፕሩስ እንጨት ተጠርቦ ወደ ላይ የጎበጠ ገጽ ተደረገለት። ቀላልና ጠንካራ የሆነው ይህ ገጽ የክሮቹን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አየር በስፋት ያሰራጫል።

ቀጣዩ መፍትሔ ኤሌክትሪክ ነበር። በ1936 በወጣው ኢኤስ-150 ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔትና የሽቦ ጥምጥም ተቀመጠ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ይለዋወጣል፤ ፋራዴይ በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረትም ቮልቴጅ ይፈጠራል። በ1939 የቤኒ ጉድማንን ቡድን የተቀላቀለው ቻርሊ ክርስቲያን፣ ምንም እንኳ በ1942 ገና በ25 ዓመቱ ቢሞት፣ በዚህ ዘዴ ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ እንደ ሳክስፎን ዜማ መሪ አደረገው።

ነገር ግን ትናንት በጎ የነበረው ባሕርይ ዛሬ ጠንቅ ሆነ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ሞገድ ቀላሉን ገጽ መልሶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ገጹ ክሮቹን ያነቃንቃል፤ የክሮቹ ንዝረትም እንደገና ይጎላል። በአንድ ዙር የሚመለሰው ድምፅ ከመነሻው በልጦ ከእርሱ ጋር እኩል ሲራመድ፣ በየዙሩ እየገዘፈ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል።

በኢኤስ-175 ላይ የተጠረበው ስፕሩስ ቀርቶ ስስ የሜፕል ልጣጮች ተደራርበው ተጣበቁ፤ ማለትም ገጹ ከኮምፔርሳቶ ተሠራ። ይህ ገጽ ለአየር ሞገድ በቀላሉ ስለማይነቃነቅ ዙሩ ይዳከማል። ጩኸቱ ጨርሶ አይጠፋም፤ የሚጀምርበት የድምፅ መጠን ግን ከፍ ይላል። ሥራውም ስለሚቀል ዋጋው 175 ዶላር ብቻ ነበር፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ጂም ሆልና ጆ ፓስን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾችም ተጠቅመውበታል።

ውድ አንባቢያን፣ በአዳራሽ ማይክሮፎን ሲጮኽ የምንሰማው ይኸው ዙር ነው። ማይክሮፎኑን ከድምፅ ማጉያው ማራቅ ወይም ድምፁን መቀነስ ዙሩን ይሰብረዋል። አንድ ክፍል ጥሩ ወይም መጥፎ መባል ያለበትም ብቻውን ሳይሆን፣ በሚሠራበት ሥርዓት ውስጥ ተመዝኖ ነው።